የጽድ አምባ መሃል ሰፋሪዎች

ጽድ አምባ ከአምባ ጊዮርጊስ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ በገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች የወገራ መንደር ናት። ከላይ ያለው ሜዳ ገብስና ባቄላ ያበቅላል። ከታች ያለው ዋሻና ጫካ ነው። ከደጋው ወደ ገደሉ የሚያወርደው መንገድ አንድ ብቻ ሲሆን እሱም በመንደሩ መካከል ያልፋል።

ጣሊያን ጎንደርን ከያዘ ሁለተኛው ዓመት ነበር። በዚያ ጊዜ በጽድ አምባ ሦስት ዓይነት ሰው ይኖር ነበር። ጥቂቶች በሌሊት ለአርበኛ ስንቅ ያወርዳሉ። ጥቂቶች ደግሞ ጣሊያን ከሚሰጠው ጨውና ሹመት ተጠግተዋል። የቀሩት፣ ማለት ብዙዎቹ፣ ጧት ጥማዳቸውን ይዘው ወጥተው ማታ ወደ ቤታቸው የሚገቡ፣ አርበኛ ሲመጣ እንጀራ የሚያቀርቡ፣ የጣሊያን ሹም ሲያልፍም ከመንገድ ወጥተው እጅ የሚነሱ ነበሩ። ሁለቱም ወገን እነዚህን ሰዎች መሃል ሰፋሪ ይላቸዋል። ስሙ ስድብ ነው። ሰው በሰደበው ሰው እጅ ላይ ዕጣው ወድቆ ሲያገኘው ምን ያደርጋል? ባላምባራስ አየነውን የገጠመው ይህ ነው።

አየነው የዚያው አገር ልጅ ነው። ጣሊያን ሲገባ ርስቱን ትቶ፣ የጎበዝ አለቃ ሆኖ ከገደሉ ሥር ካለው ዋሻ ገባ። ደፋር ነው፤ ለራሱ የማይሳሳ ነው። አብረውት ያሉት ሰዎች ይወዱታል። አንድ ነገር ግን አለበት፤ አገሩን የማይወድ ሰው በዓለም ላይ ያለ አይመስለውም ነበርና፣ ዝም ያለውን ሁሉ በልቡ ከከዳው ጋር ይደምረዋል።

በኅዳር ወር ከሚካኤል በኋላ ባለው ቅዳሜ እህቱ ዘመናይ ጥሬና ዱቄት በአህያ ጭና ወደ ዋሻው ወረደች። እሷ ጽድ አምባ ያገባች፣ ቀልድና ቁም ነገር ቀላቅላ የምትናገር ሴት ናት። ጭነቱ ሳይራገፍ ወንድሟን ወደ ዳር ሳበችው።

"ነገ ከቅዳሴ በኋላ አገሩ ሊመክር ነው" አለችው። "ጣሊያኑ ጠመንጃ ልስጣችሁና መውረጃውን ጠብቁ ብሏል። እንቀበል አንቀበል ብለው ይቆርጣሉ።"

አየነው ዋሻው ውስጥ የተኙትን ቁስለኞች ተመለከተ። መውረጃው ከተዘጋ ስንቅ አይወርድም፤ ቁስለኛም አይወጣም። እሱና ሰዎቹ በገደሉ ውስጥ እንደ ታፈነ ጪስ ያልቃሉ።

"አይቀበሉም" አለ። "በወጣሁ ቁጥር አገሩ እልል ሲል አታዪም፣ እቴ?"

"እልል የምንለው እኛ ነንና። ስትወጣ የምታድር እኛ ቤት፤ የምትበላ እኛ ቤት። ከእኛ ቤት አልፎ ምን እንደሚባል በየት ትሰማዋለህ?"

"ምን ይባላል?"

"ምንም አይባልም። እሱ ነው ያስፈራኝ።"

ይባረክ የሚባለው የአየነው ምክትል ጥሬውን እየዘገነ ይሰማ ነበር። "ችግሩ ቀላል ነው" አለ። "የአንዱን ቤት ብናቃጥል ሌላው ልብ ይገዛል። መሃል ሰፋሪ ከባንዳ ይብሳል፤ ባንዳን እንኳ የት እንዳለ ታውቀዋለህ።"

ዘመናይ ዞር ብላ አየችው። "አንተ ሸጋ ጎበዝ፣ ቤት ስታቃጥል ጣሊያን እንዳይቀድምህ ፍጠን። እሱም የሚያስበው ይህንኑ ነው።" ከዚያ ወደ ወንድሟ ተመለሰች። "ንግግር ልታደርግ እንዳሰብህ አውቃለሁ። አድርግ። ግን አስቀድመህ ከአያ በላቸው ቤት ግባ። መሃል ያለው ሰው ሁሉ የእሱን አፍ ነው የሚያይ። በጥቅምት ምን እንዳደረግኸው ረሳኸው?"

አየነው አልረሳም፤ ግን እንደ ትልቅ ነገር አልቆጠረውም ነበር። በጥቅምት ስንቅ ሲያወርድ የነበረ ሰው በጥቆማ ተያዘ። አየነው ጠቋሚውን ለማግኘት አውጫጭኝ ጠራ፤ የአገሩ ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ተቀምጦ፣ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይሄድ የሚደረግበት የቆየ ሥርዓት ነው። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደ። የታጨደው ገብስ ገና አልተሰበሰበም ነበር፤ በረዶው ፍሬውን ከጭቃ ቀላቀለው። ጠቋሚውም አልተገኘ።

እሑድ ማለዳ አየነው ይባረክንና ጥቂት ሰዎችን አስከትሎ ወጣ። ሲሄድ በልቡ ንግግሩን ያሰናዳ ነበር። እህቱን ላለማስቀየም ብቻ ወደ በላቸው ቤት ጎራ አለ።

አያ በላቸው ዕድሜው የገፋ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ገበሬ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ኩታውን ሲያጣፋ ደረሱበት።

"እንዴት አደሩ፣ አያ በላቸው" አለ አየነው።

"እግዚአብሔር ይመስገን። ዛሬ መንገድ ጠፋህ? የእህትህ ቤት ወዲያ ነው።"

"ወደ እርስዎ ነው የመጣሁ። ዛሬ በጉባኤው ከእኛ ጋር እንዲሆኑ ነው።"

"ከእናንተ ጋር ማለት?"

"ከአገርዎ ጋር ነዋ። ጣሊያን የሰው አገር ሊወስድ የመጣ ነው። ይህን ማወቅ ያቅታል?"

"አያቅትም። እኔም አውቃለሁ። ጣሊያን ክፉ እንደሆነ ልታስረዳኝ ከሆነ ድካምህን ቀንስ።" በላቸው ኩታውን አስተካከለ። "የማላውቀው አንተን ነው።"

ይባረክ ከኋላ፣ "አሁን ይህ የሽማግሌ ወግ ነው?" ብሎ አጉረመረመ። አየነው በእጁ ዝም አሰኘው።

"ምኔን ነው የማያውቁት?"

"ጣሊያኑ ቢበድለኝ የምከስበት ዳኛ የለኝም። ዳኛውም ወታደሩም እሱ ነው። አንተ ብትበድለኝስ? አሳየኝ።"

"ጊዜው የጦርነት ነው፣ አያ" አለ አየነው፣ ለመሄድም ዞረ።

"በሕግ አምላክ" አለ በላቸው። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ቃል በአገራችን ምን ያህል ኃይል እንደነበረው ዛሬ ለመገመት ያስቸግራል። በሕግ አምላክ የተባለ ሰው፣ ባለ ጠመንጃም ቢሆን፣ ጌታም ቢሆን፣ መቆም አለበት። ከዚያ ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸው አንድ ላይ ተቋጥሮ፣ ቁራኛ ሆነው ዳኛ ፊት ይቀርባሉ። የይባረክ እጅ ወደ ጠመንጃው ሄደ። አየነው ለጥቂት ጊዜ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ብሄድ የሚይዘኝ የለም ብሎ አሰበ። ወዲያውም፣ የሚይዘኝ የለም የሚለው ሐሳብ ከየት እንደመጣበት ሲያስብ ደነገጠ፤ ጣሊያኑም በየቀኑ የሚያስበው ይህንኑ መሆን አለበት።

ተመለሰና ጠመንጃውን ለይባረክ ሰጠው። የኩታውን ጫፍ ዘረጋ።

"ይቋጥሩት" አለ።

በላቸው እንዲህ ይሆናል ብሎ የጠበቀ አይመስልም። የሁለቱን ኩታ ጫፍ አንድ ላይ ቋጠረ።

ሁለቱ ተቆራኝተው በመንደሩ ሲያልፉ ሰዉ ከየደጁ ወጥቶ ተመለከተ። አንዷ ሴት፣ "እንዲያው ሙሽራና ሚዜ ይመስላሉ" አለች። በላቸው ሲፈጥን አየነው ይፈጥናል፤ በላቸው ድንጋይ ሲረግጥ አየነው ይንገዳገዳል። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ደርሰው ቅዳሴው እስኪያልቅ ከጽዱ ሥር ቆሙ።

ጉባኤው ሲሰበሰብ ጭቃ ሹሙ ሐብተ ማርያም ስለ ጠመንጃው ሊናገር ተነሣ። ጣሊያን የሾመው እሱ ነው። የተቋጠረውን ኩታ ባየ ጊዜ ግን ቃሉን ዋጠ። የደብሩ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል፣ "ክስ ካለ ክስ ይቀድማል" አሉ። ከዚያ ወደ ጭቃ ሹሙ ተመልክተው፣ "በሕግ አምላክ ተይዞ የመጣ ሰው ተጠቁሞ ቢያዝ ነውሩ የአገሩ ነው፤ ሰማህ?" ሲሉ ጠየቁት።

"ሰምቻለሁ፣ የኔታ" አለ ሐብተ ማርያም። "ሹመት ብቀበልም ያገሬን ሥርዓት አልሸጥሁም።"

በላቸው ክሱን በአጭሩ ተናገረ። አየነውም ተነሥቶ፣ "አውጫጭኝ የአባቶቻችን ሕግ ነው" አለ። "እኔ አላመጣሁትም። ሰዬን አሳልፎ የሰጠውን ልፈልግ ነው የጠራሁት።"

"ሕጉስ ሕግ ነው" አለ በላቸው። "አባቶቻችን ግን አስቀድመው ሽማግሌ ይመርጡ ነበር። ሽማግሌው እህል ሜዳ ላይ ነው ካለ ቀን ይሰጣል። አንተ ሽማግሌ አልመረጥህም፤ በአራት ማዕዘን ጠመንጃ አቆምህ እንጂ። በማግስቱ ደመና አይቼ ተነሣሁና፣ ገብሳችን ሊበላሽ ነው፣ እባክህ ቀን ስጠን አልሁህ። ምን ብለህ መለስህልኝ?"

አየነው የመለሰውን ረስቶት ነበር፤ አሁን ሲጠየቅ ግን ቃል በቃል መጣለት።

"ይናገር" አሉ መሪጌታ።

"ገብስህ ከአገርህ ይበልጣል ወይ፣ አንተ መሃል ሰፋሪ አልሁት" አለ አየነው። "ሰዎቼም ሳቁ።"

ከሴቶቹ በኩል ታየች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ድምፅ ተሰማ። "ልጆቼ ክረምቱን የሚበሉት ያን ገብስ ነበር" አለች። "አገር ማለት እነሱ ካልሆኑ ለየትኛው ነው የምትዋጋው፣ ወንድሜ?" በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። የምር መልሱን ለማወቅ የፈለገች ትመስል ነበር።

አየነው ያሰናዳው ንግግር በልቡ ውስጥ ነበር። ስለ ነጻነት፣ ስለ አባቶች አጥንት፣ ስለ ባርነት። እውነት ነው ሁሉም። ለዚህች ሴት ግን ምንም የሚነግራት እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባው። "ጥፋቱ የእኔ ነው" ብሎ ተቀመጠ። "ዳኝነቱን እቀበላለሁ።"

መሪጌታና ሽማግሌዎቹ ዞር ብለው መከሩ። የባላምባራስ ሰዎች ገብሳቸው የጠፋባቸውን ሰዎች ባቄላ በጉልበታቸው አጭደው እንዲያነሡ፣ ወደፊትም አውጫጭኝ ያለ አገሩ ሽማግሌዎች ፈቃድ እንዳይጠራ ፈረዱ። ለዚህም አየነው ዋስ እንዲጠራ አዘዙት፤ ዋሱም በዚያው አገር ርስት ያለው ሰው እንዲሆን።

የዘመናይ ባል ዘሎ ተነሣ። "እኔ ዋሱ ነኝ።"

"አንተማ አማቹ ነህ" አለ በላቸው። "ሌላ ይጥራ።"

አየነው ጉባኤውን ተመለከተ። ከዚያ በፊት ለእሱ እነዚህ ሰዎች የመሃል ሰፋሪ ክምር ነበሩ። አሁን አንድ በአንድ ሲያያቸው የአብዛኞቹን ስም እንኳ እንደማያውቅ አስተዋለ። ስሙን የማያውቀውን ሰው ዋስ ሁነኝ ብሎ እንዴት ይጠራል? ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

ከግንቡ ሥር የተቀመጠ ሰው ተነሣ። እንኳየሁ ይባላል። በጉባኤ ተናግሮ የማያውቅ ሰው ነው። ባለቤቱ እንኳ አፍ የፈታው ካገባት በኋላ ነው እያለች ትቀልድበታለች።

"እኔ እሆነዋለሁ" አለ እንኳየሁ። "የእኔም ገብስ ጠፍቷል። ግን የሚከሰስ ሰው አግኝተናል፤ ቢያጠፋ ደግሞ እንከሰዋለን። ያን ጣሊያን ማን አስሮ ያመጣልናል?"

አንዱ ሳቀ፤ ሌላውም ተከተለ። የኩታው ቋጠሮ ተፈታ።

ከዚያ ስለ ጠመንጃው ተመከረ። አየነው ንግግር አላደረገም፤ ተከራካሪ ስለነበር ከቅጥሩ ወጥቶ ጠበቀ። ከውስጥ የሚሰማው ጭቅጭቅ ረዥም ነበር። ሐብተ ማርያም ጣሊያን መንደሩን ቢያቃጥልስ አለ፤ ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም። በመጨረሻ፣ እኛ ገበሬዎች ነን፣ ጠመንጃ መያዝ አናውቅም፣ መውረጃው ደግሞ የከብቶቻችን ውሃ መውረጃ ነው ተብሎ እንዲመለስለት ተስማሙ። ሁሉም አልወደደውም። ጥቂቶች ፊታቸውን አጥቁረው ሄዱ። አብዛኛው ግን ተስማማ።

ሰኞ ዕለት አርበኞቹ በሁለት ወገን ተከፍለው፣ ግማሾቹ ሲጠብቁ ግማሾቹ የታየችንና የበላቸውን ባቄላ አነሡ። ይባረክ ወገቡን ይዞ ቀና እያለ፣ "ጣሊያን ይሻለኝ ነበር" ሲል ታየች፣ "እሱማ አያጭድም፤ ለዚህ ነው የጠላነው" አለችው።

"እንግዲህ ሽማግሌው ከእኛ ጋር ናቸው ማለት ነው?" ሲል ይባረክ አየነውን ቀስ ብሎ ጠየቀው።

"አልጠየቅኋቸውም" አለ አየነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አያ በላቸው ነዶ ተሸክሞ ወደ አየነው ቀረበ። ነዶውን አወረደና ወደ ገደሉ እየተመለከተ ተናገረ።

"ረቡዕ ወደ ምሥራቁ ሸንተረር አትሂዱ። ወታደር ከአምባ ጊዮርጊስ በዚያ በኩል ይመጣል። አጋሰስ እንዲከራይ የተጠየቀ ዘመድ አለኝ።"

አየነው ማጭዱን አስቀመጠ። ወንዱን ሁሉ ሜዳ ላይ አስቀምጦ በጠመንጃ ከብቦ አንዲት ቃል ያላገኘበት አገር ነው። "ምነው ነገሩኝ?" አለ።

"ምነው ማለት? ብትሞት ዋስህ እንኳየሁ ሊከፍል ነው?" አለ በላቸው። ነዶውን አንሥቶ ተሸከመና ሄደ።

መሃል የቆመ ሰው ሁሉ ልብ የሌለው አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ወገን በዝምታ የሚመዝን ሰው ነው። የሚመዝነውም የተናጋሪውን ድምፅ ሳይሆን፣ ይህ ሰው ቢበድለኝ ተመልሶ ይሰማኝ ይሆን የሚለውን ነው። ሕዝብን ከጎኑ ማሰለፍ የሚፈልግ ማንኛውም ወገን፣ በጦር ዘመንም ይሁን በሰላም፣ ወዳጆቹ ቤት ተቀምጦ እልልታ ከመስማት ይልቅ፣ ወዳልወደዱት ሰዎች ደጅ ሄዶ ክሳቸውን ቆሞ ይስማ።