የአርባ ሁለት ቁጥር ኩሽኔታ

አርባ ሁለት ቁጥር አውቶቡስ ሆዷ ተከፍቶ፣ በጥገና መድረኩ ላይ ከፍ ብላ ተሰቅላ፣ ሕመሟን በረጋ ድምፅ ታስረዳ ነበር። የሞተሯን ዘንግ የሚሸከመው ሦስተኛው ኩሽኔታዋ እንደሚያማት፣ ሕመሙም ሞተሯ በተነሣ ቁጥር እንደሚብስባት ተናገረች። ኢንጂነር እንጉዳይ ሽፈራው ሳታቋርጥ አዳመጠቻት፤ አሽከርካሪ የሌላቸው የድሬዳዋ አውቶቡሶች ስለ ራሳቸው መናገር ከጀመሩ ዐሥራ ስድስት ዓመት አልፏል።

እንጉዳይ መስሚያውን፣ ብረት የደረሰበትን ጉዳት በድምፅ የሚያነበውን ቀጭን ዘንግ፣ በኩሽኔታው ላይ አሳረፈች። ዐሥራ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል የሠራችው ኩሽኔታ በአራት ዓመቱ ተበልቶ አልቋል።

ነገሩ ከአንድ አውቶቡስ ያለፈ ነበር። አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ሞተሩን የሚያጠፋው፣ ሊሄድ ሲልም መልሶ የሚያስነሣው መሣሪያ «አሸላቢ» ይባላል፤ እንጉዳይ የዕድሜዋን ዐሥራ አንድ ዓመት የሰጠችው ለእርሱ ነው። ቆመው በከንቱ የሚነድዱ ሞተሮችን ከከተማዋ ያስቀረ ሥራ ነበር። አሁን ግን የትራንስፖርት ምክር ቤቱ፣ ደጋግሞ ማጥፋትና ማስነሣት ሞተር ይበላል በሚል፣ አሸላቢው ከሦስት መቶው አውቶቡሶች ሁሉ ይነቀል እንደሆነ ሊወስን በዚያው ቀን ለዘጠኝ ሰዓት ተቀጣጥሯል።

ክሱ መነሻ እንዳለው እንጉዳይ አትክድም። ሞተር በሚነሣባት ቅጽበት ዘይቱ ብረትን ከብረት ገና አልለየም፤ መፋቅ ካለ ያኔ ነው። ኩሽኔታውን ያለ ዘይትም ራሱን በራሱ በሚያለሰልስ ንጣፍ የለበጠችው፣ ሞተር አስነሺውን ሞተሪኖም ያጠነከረችው ስለዚሁ ነበር። ስድስት መቶ ሺህ መነሣት እንዲችል አድርጋ አስልታዋለች።

«ስንት ጊዜ ተነሥተሻል?» ስትል ጠየቀቻት።

«ዘጠኝ መቶ ዐሥራ ሁለት ሺህ» አለች አውቶቡሷ።

እንጉዳይ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስደገመቻት። በመጀመሪያ የተሰማት ኩራት ነበር፤ ኩሽኔታው ከታዘዘው በላይ ሦስት መቶ ሺህ ጊዜ ተሸክሞ ነው የወደቀው። ግራ መጋባቱ ዘግይቶ መጣ። የአራት ዓመቱ ፌርማታና መብራት ሁሉ ቢደመር ከሁለት መቶ ሺህ አይበልጥም። የቀረውን የት እንደተነሣች ስትጠይቃት፣ አውቶቡሷ ተራ ስትጠብቅ መሆኑን ያለ አንዳች ኀፍረት ነገረቻት።

ተርሚናሉ ከጥገና ቤቱ አጥር ማዶ ነው። ተራ አስከባሪው ጋሽ ሙሜ በጉልምስናቸው ሃያ ዓመት አውቶቡስ ነድተዋል፤ የዛሬዎቹ አውቶቡሶች አእምሮ መንዳት የተማረውም ያኔ ከተቀዱት የእርሳቸው ጉዞዎች ነው። እንጉዳይ ከጎናቸው ቆማ ባዶዋን ሠላሳ ቁጥር ተመለከተች። ሁለት ሴቶች ዘንቢል ይዘው ብቅ ሲሉ አውቶቡሷ ሞተሯን አስነሣች፤ ተንቀጠቀጠች፤ ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ፊት ተሳበች። ሴቶቹ ሮጠው ገቡ። አውቶቡሷ ወዲያው አሸለበች።

ጋሽ ሙሜ ሳቃቸውን መቆጣጠር ተሳናቸው።

«አቦ ይሄማ የኔ ነው። ግማሽ ሜትሯም የኔ ናት።»

«ምንዎ ነው፣ ጋሽ ሙሜ?»

«ባዶ መኪና ጸጥ ብሎ ከቆመ ማን ይገባል? ሰው ሊያመልጠኝ ነው ካላለ አይሳፈርም። አንቺንስ ተማሪ ሳለሽ ስንቴ አሩጬሻለሁ። ሮጠሽ ትገቢና ግማሽ ሰዓት ቁጭ።»

እንጉዳይ ፈገግታዋን ዋጠች። ወደ ሠላሳ ቁጥር ቀርባም የመነሻ ሰዓቷ በሰሌዳዋ ላይ ተጽፎ ሳለ ሰው ስለምን እንደምታታልል ጠየቀቻት።

«በሰሌዳ ነገርኋቸው፤ በድምፅም ነገርኋቸው» አለች አውቶቡሷ። «ቆመው ያዩኛል። ስንቀጠቀጥ ግን ያምኑኛል።»

በዘጠኝ ሰዓት እንጉዳይ የተበላውን ኩሽኔታ በምክር ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አኖረች። ከታዘዘው ምን ያህል አብልጦ እንደተሸከመ በቁጥር አስረዳች፤ አሸላቢው በፌርማታና በመብራት ያስነሣው ከተሰላለት አንድ ሦስተኛው ብቻ እንደሆነ፣ ሞተሩን የበላውም ሰው መጥራት እንደሆነ ገለጸች። ሰብሳቢው አቶ ደምሰው ቅር አላቸው። ኢንጂነሯ ጥፋቱን ከማሽኗ አንሥታ በሕዝብ ላይ ጫነች አሉ፤ ሕዝባችን ሰሌዳ ማንበብ ያውቃል ሲሉም አከሉ። አንዲት አባል ልማዱ ሊጠፋ ይችል እንደሆነ ጠየቁ።

እንጉዳይ ኩሽኔታውን ወደ አባሏ ገፋ አደረገች።

«ከአውቶቡሶቹ አእምሮ መፋቁ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ከሰው የምፍቅበት መሣሪያ ግን የለኝም። አሸላቢውን አትንቀሉት፤ ሦስት ሚሊዮን ጊዜ የሚነሣ ኩሽኔታ እሠራላችኋለሁ።»

እንደምትሠራው የተጠራጠረ አልነበረም። በጠረጴዛው ላይ የነበረው ብረት ምስክሯ ነው። እጆች ወጡ፤ አሸላቢው ጸና።

ጉባኤው ሲበተን የድሬ ፀሐይ ገና አልበረደም። በደጅ የቆመችው አውቶቡስ በሯን ከፍታለች፤ ሰሌዳዋም በአራት ደቂቃ ውስጥ እንደምትሄድ ይናገራል። የምክር ቤቱ አባላት፣ አቶ ደምሰውን ጨምሮ፣ በግንቡ ጥላ ሥር ተሰብስበው ወሬያቸውን ያዙ።

ሞተሩ ተነሣ። ወሬው ተቋረጠ፤ ሁሉም ሰነዱን በብብቱ ሸጉጦ በሩ ላይ ተጋፋ።

እንጉዳይ የዚያን ድምፅ ሐሰትነት ከማንም በላይ ታውቃለች። ሰሌዳውንም አንብባለች፤ ገና ሦስት ደቂቃ ቀርቷል። እግሯ ግን ፈቃዷን ሳይጠይቅ መሮጥ ጀምሯል።