የውሰት ልብ ምት

ሲስተር ስንዱ ሥራ ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው የልቧን ምት ማዋስ ነው። «ምት አድራሽ» የሚባለውን አምባር እጇ ላይ ታስራለች፤ አምባሩ ምቷን እየለቀመ ሰው ሠራሽ ማህፀኑ ውስጥ ላለው ፅንስ ያሰማዋል። ጫሞ ሐይቅ ዳር ባለው የፅንስ ማሳደጊያ ይህ ጋዋን እንደ መልበስ ያለ ነገር ነው።

ሌላው ሥራዋ የልጁን የደም ግፊት መጠበቅ ነው። ከፍ ሲል ከፀጉር በቀጠነ የነርቭ ክር ልቡን ታረጋጋለች፤ ነርቭ በሰከንድ ይታዘዛል። ዝቅ ሲል ሆርሞን ጠብ ታደርጋለች፤ እሱ ዝግ ብሎ ነው የሚደርሰው። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ስትጠብቀው ከርማ፣ ልጁ የራሷ መስሎ ይሰማት ጀምሯል።

እናቱ ፈትለወርቅ ማክሰኞ ማክሰኞ ትመጣለች። ልጁ በአምስተኛ ወሩ ወደዚህ የተዛወረው የእሷ ግፊት አላስቀምጥ ብሏት ነው፤ አሁን ድናለች። መስታወቱ ላይ እጇን አሳርፋ «የኔ ጌታ» ስትለው ስንዱን ቅናት ያንገበግባታል። በሳምንት አንዴ ብቅ የምትል ሴት በየት በኩል ነው «የኔ» የምትለው?

ከዚያ ችግር መጣ። እናትየው ስትገባ የልጁ ግፊት ይዘላል፤ ከኩላሊቱ በላይ ያለችው እጢ አድሬናሊን የተባለውን የድንጋጤ ሆርሞን ትረጫለች። ስንዱ ደስ አላት። የሚያሳፍር ደስታ ነው፣ ግን ደስ አላት።

«ይፈራሻል» አለቻት ፊት ለፊት። «እንዲህ ከቀጠለ አንጎሉ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል። እስኪወለድ ባትመጪ ይሻላል።»

ፈትለወርቅ እጇን ከመስታወቱ ላይ አነሳች። «ለሱ የሚበጀው ይሄ ከሆነ እሺ፣ ሲስተር። እርስዎ ያውቁታል።»

ስንዱ የእገዳውን ወረቀት ልትሞላ የግፊቱን መዝገብ ከፈተችና አንድ ማክሰኞ ላይ ስትደርስ ቆመች። ያን ቀን እሷ ጥርሷን ልታስነቅል ሄዳ ነበር፤ አምባሩን ያሰረው የሥራ ባልደረባዋ ያደታ ነው። እናትየው ሁለት ሰዓት ቆይታለች። የልጁ የግፊት መስመር ግን ንቅንቅ አላለም።

የራሷን የልብ ምት መዝገብ ከጎኑ አስቀመጠች። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀድሞ የሚጋልበው የሷ ልብ ነበር። ማሽኑ ጀርሙንም ጫጫታውንም ያጣራል፤ ቅናቷን ግን ሳያጣራ ለልጁ ሲያደርስ ኖሯል። ያን ምስኪን ልጅ ስታስደነግጥ የከረመችው እሷ ናት።

ወረቀቱን ብትፈርም ማንም አያውቅባትም። ፈትለወርቅ ቦርሳዋን አንግታ ተነስታለች።

«ቁጭ በይ» አለቻት ስንዱ። «የሚያስደነግጠው የኔ ልብ ነው። አንቺ ስትመጪ እቀናለሁ።»

ፈትለወርቅ ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች። «እኔም እዚያ ወንበር ላይ ሳይዎት...» ብላ ሳትጨርሰው ቀረች።

ስንዱ አምባሩን ፈታ እናትየው እጅ ላይ አሰረችው። መስመሩ ትንሽ ከፍ አለ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወርዶ ረጋ። ስንዱ ባዶ እጇን እያሻሸች ከወንበሩ ተነሳች። ልቧ አሁንም በቅናት ይጋልብ ነበር። የሚሰማው ግን ማንም አልነበረም።