የእሱባለው የመጨረሻ ደንብ

እሱባለው ጅማ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ባለው የድርጅቱ መጋዘን፣ በቡና ማድረቂያ ሽቦ ጥቅሎች መካከል ተደፍቶ ተገኘ። የሚዛኑ ብረት ደም እንደነካው አጠገቡ ወድቋል። ኢንስፔክተር ሱዓድ ስትደርስ ለደንበኞች የስልክ መልእክት የምትልከው የድርጅቱ ሠራተኛ አፊፋ በካቴና ታስራ ቆማለች።

«ቁልፉ ያለው እሷ ጋ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ በረከት። «ማታ ስትሰድበው ሰምቻለሁ።»

«እሱ ሲሰድበኝስ ጆሮህ የት ነበር?» አለችው አፊፋ።

የሟቹ ሥራ፣ በስልክ መልእክት የሚነገረው የግማሽ ዋጋ ቅናሽ ለየትኛው ደንበኛ እንደሚደርስ ደንብ ማውጣት ነበር። እስከ ትናንት ድረስ ብዙ የገዛ ያገኝ ነበር። በዚህም የሸቤ ከተማው ነጋዴ ቲጃኒ ሽቦውን ጠቅልሎ እየወሰደ ለገበሬው በሙሉ ዋጋ ይቸበችበዋል።

«ምን አጣላችሁ?» አለች ሱዓድ።

«ደንቡን ልቀይር ነው አለኝ። ምን ብለህ? ስለው፣ ‹ማሰብ የእኔ፣ መላክ የአንቺ፤ ጠዋት ታነቢዋለሽ› አለ። የአፉን ሰጥቼው፣ መጋዘኑን ክፍት ትቼለት ሄድኩ።»

«ለእርስዎስ ነግሮዎታል?»

በረከት ከንፈሩን ጣለ። «እኔና እሱ ሰላምታ ካቆምን ከርመናል።»

ሱዓድ ከአፊፋ የይለፍ ቃሉን ተቀብላ የሟቹን ኮምፒውተር ብቻዋን ከፈተች። አዲሱ ደንብ ማታ ተጽፏል፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልከፈተውም፤ መልእክቱም ለማንም አልተላከም። አንብባ ዘጋችውና ወደ በሩ ወጣች። ቲጃኒ ባዶ ፒክአፑን ተደግፎ ቆሟል።

«ጅማ ወንድ ፖሊስ አለቀባት?»

«ምን አመጣዎት?»

«እንደ ወትሮው ሽቦ።»

«ከእሱባለው ጋር መቼ ተገናኛችሁ?»

«ሳምንት አልፎናል። በስልክም ድምፁን አልሰማሁ። ትናንት ማታ ሸቤ ቤቴ ነበርኩ።»

መኪናው ውስጥ ሚስቱ ሐጂራ መታወቂያዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«እህቴ፣ ሁልጊዜ አብረሽው ትመጫለሽ?»

«ለሐኪም ካልሆነ ወላሂ ይዞኝ መጥቶ አያውቅም። ዛሬ ጎህ ሲቀድ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ መታወቂያሽንና ስልክሽን ያዢ አለኝ።»

«ምን ያስለፈልፍሻል?» አለ ቲጃኒ።

ሱዓድ ሁሉንም መጋዘኑ ደጃፍ፣ ከፒክአፑ አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«የእሱባለው አዲስ ደንብ እንዲህ ይላል፦ ቅናሹን የሚያገኙት በስማቸው ስልክ ያወጡ፣ መታወቂያ ይዘው የሚመጡ ሴቶች ብቻ ናቸው። አፊፋ አልተነገራትም። በረከትም አያውቅም። ለደንበኛም አልተላከም። ቲጃኒ፣ እስከ ዛሬ በራስህ ስም ስትወስድ ኖረህ ዛሬ ሚስትህን ከነመታወቂያዋ ይዘህ መጣህ። የሴት ስም እንደሚያስፈልግ ማን ነገረህ?»

ቲጃኒ ወደ መኪናው በር አፈገፈገ።

«ማታ እዚህ ነበርክ። እሱባለው ከአፉ ነገረህ፤ እንዲተወው ብትለምነው እምቢ ሲልህ መታኸው። ኮምፒውተሩን ከፍተህ ደንቡን ማጥፋት ግን አልቻልክም። እንደሚላክ ስላመንክ፣ ትርፉ እንዳያመልጥህ ሌላ ስም ይዘህ መጣህ።»

«ሐጂራ፣ ማታ የት እንደነበርኩ ንገሪያት» አለ ቲጃኒ።

ሐጂራ ከመኪናው ወረደች። «ስም እንዳለኝ ዛሬ ነው የታየህ» አለች። «ቤት አልነበርክም። ሌሊት መጥተህ ሸሚዝህን ራስህ አጠብክ።»

ካቴናው ከአፊፋ ወጥቶ ቲጃኒ እጅ ላይ ገባ። በረከት ወደ አፊፋ ዞረ።

«በይ እንግዲህ፣ መልእክቱን ላኪ፤ ገበያው ያልፈናል።»

አፊፋ የእጇን አንጓ እያሸች አየችው። «ጣትህ እኔን ለመጠቆም አልሰነፈም። በእሱው ላከው» ብላ ወጣች።