በሩ ላይ የቀረው ጫማ

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የፈንታነሽ ዝምታ ግን አሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ውስጡን ሲነቅዝ ኖሯል።

ነገሩ አንዲት ቃል ናት። ጓደኛዋ ስመኝ እብናት ከብት ገበያ ላይ በጥይት በወደቀች ማግስት፣ አለቃቸው ዳኛቸው «ስመኝን ያስበላት ያንቺ አፍ ነው» አላት። የደኅንነት መሥሪያ ቤቱም አመነው። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ምስጢር አትይዝም ተባለ። የስመኝ እናት ሳይቀሩ አመኑ። ፈንታነሽ ግን ቃል ከአፏ እንዳላመለጠ ታውቃለች።

ማወቅ ግን ማስረጃ አይሆንም።

ቅዳሜ ነው። ደብረ ታቦር ገበያው ሞልቷል። ፈንታነሽ ባልዲዋን አንጠልጥላ ከትምህርት ማዕከሉ ስትወጣ ዘበኛው ጠራት። መቀነቷ ውስጥ የጥፍር ያህል ሚሞሪ ቋጥራለች።

ቆመች።

እጁን ባልዲው ውስጥ ከቶ አማሰለው። እድፋም ውሃ ነው። «ሂጂ በይ» አለና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

ሰባት ወር የዚህን ማዕከል ወለል ወልውላለች። እዚህ ስሟ ጽጌ ነው። በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ደግሞ «ሰፌድ»። ማዕከሉ ተማሪዎች ዓይናቸው ላይ መነጽር አጥልቀው የሚማሩበት ነው። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ደም በልብ ውስጥ ሲዞር ያያሉ፣ የባሕር ወለል ላይ ይሄዳሉ። ለታሪክ ትምህርት ከጉና ሥር ያለ አንድ ጥንታዊ ደብር ተቀርጾ ገብቶላቸዋል። ካህናቱ የፈቀዱት ቅኔ ማኅሌቱን ብቻ ነበር። አንድ ሰው ግን በስርቆት ዕቃ ቤቱንም አስቀርጿል፤ ብራናውን፣ የወርቅ መስቀሉን፣ ሣጥኑን ሁሉ። ገዢዎች በመነጽር እየዞሩ የሚሰረቀውን ሊመርጡ ነው። ዳኛቸው እንደነገራት ሌባው መምህር ላቀው ነው። ቀረጻው ያለበትን ሚሞሪ መሳቢያው ውስጥ ቆልፎበታል። የእሷ ሥራ ማውጣትና ለዳኛቸው ማስረከብ።

አወጣችው። ግን ያላየችውን ዕቃ አታስረክብም፤ ልማዷ ነው። ዛሬ ጠዋት ማንም ሳይገባ ሚሞሪውን መነጽሩ ውስጥ ከተተችው፤ ልጆቹ ሲያደርጉ ሰባት ወር አይታለች።

መጀመሪያ ኮንጎ ጫማዋን አወለቀች። ሴት ዕቃ ቤት አትገባም። ኃጢአቱ ቢቀንስላት ብላ ነው።

ወደ ታች ስታይ እግር የላትም። በዚያ ዓለም እንዲህ ነው። የሌላ ሰው ጫማ ግን አለ። ከዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ቀረጻውን ያነሱት ሰዎች አውልቀው የገቡት ሦስት ጥንድ። አንደኛው ቡናማ ነው፤ የግራው ተረከዝ በውጭ በኩል ተበልቷል። ሁለቱ በማሰሪያቸው እርስ በርስ ታስረዋል።

ጫማውን ሌባ እንዳይወስድበት እንዲህ የሚያስር አንድ ሰው ታውቃለች። ስመኝ በሕይወት ሳለች ትስቅበት ነበር።

ዳኛቸው።

ደብሩን በዓይኔ አይቼው አላውቅም ብሏት ነበር።

ገባት። ያስቀረጸው እሱ ነው። ላቀው ነገሩ አላምር ብሎት ሚሞሪውን ቆለፈበት። ዳኛቸው በእሷ እጅ ሊያስወጣው ላካት።

ርክክቡ ስምንት ሰዓት ነው። የደብሩ ቄሰ ገበዝ አባ ይርጋ ቅዳሜ ቅዳሜ ጧፍ ሊገዙ ገበያ ይወርዳሉ። አገኘቻቸው። መስቀል ተሳልማ፣ ዕቃ ቤቱን ዛሬውኑ ባዶ እንዲያደርጉት ለመነቻቸው። እብድ መሰለቻቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ሴት አይደለሽም እንዴ? ስለ ዕቃ ቤት ምን አገባሽ?»

«ከበሩ በስተግራ ሦስተኛው ሣጥን፣ አባቴ። በቀይ ግምጃ የተጠቀለለ መስቀል አለበት። ክዳኑን አይጥ በልቶታል።»

አባ ይርጋ ጧፉን ከእጃቸው አስቀመጡ።

«አይጡን እንኳ ለማንም አልተናገርኩም» አሉና የገዙትን ጧፍ ትተው ሄዱ።

ዳኛቸው መናኸሪያው አጠገብ ካለው ሻይ ቤት ተቀምጧል።

«የእብናት ጤፍ ገባ?» አላት፤ የምስጢር መገናኛ ቃላቸው ነው።

«ዝናብ ነክቶታል።»

ሚሞሪውን ከስኳር ዕቃው ሥር አንሸራተተችው። ሌቦቹ በሚሞሪው ካልተመሩ ለስርቆቱ አይመጡም፤ እንዲያዙ ደግሞ መምጣት አለባቸው።

«አየሽው?»

«አራተኛ ክፍል ነኝ። መነጽሩን ከየት አውቄው?»

ሳቀ።

«አንቱስ ደብሩን አይተውት ያውቃሉ?»

«እኔ? በየት በኩል።»

እግሩን አየች። ቡናማው ጫማ ነው።

መምህሩ ሰኞ እንደሚታሰር ነገራት። «ያስበላው አፉ ነው» አለ።

ያችው ቃል። ጥፋቱን በሌላ ሰው አፍ ላይ ሲያላክክ ይህ ሁለተኛው ነው።

ሲነሳ፣ እሁድን ደብረ ታቦር እንዳትውል፣ ባሕር ዳር ሄዳ እንድታርፍ መከራት። ስርቆቱ እሁድ ነው ማለት ነው። ዕለቱን ለአባ ይርጋ ላከችባቸው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ምእመኑ ደጀ ሰላሙ ጋ ሰንበቴ ተቀመጠ። ዳኛቸው ከሁለት ሰዎች ጋር በጓሮ በኩል ገባ። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ሰበሩ። ሌባም ቢሆን እናቱ ያሳደገችው ነውና ጫማውን አወለቀ። አሰረው። ገባ። ማንንም ሳይጠይቅ ሦስተኛውን ሣጥን ከፈተ።

አባ ይርጋ ያስቀመጡት የአይጥ ወጥመድ ብቻ ነበረበት።

ሲወጣ ፈንታነሽ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣለች። ጫማው ጭኗ ላይ ነው። ከኋላዋ የሰንበቴው ሰው ዱላውን ይዞ ቆሟል። አባ ይርጋ ያመጧቸው ፖሊሶች ነጠላ ለብሰው መሃሉ አሉ።

ከተዋወቁ ጀምሮ አንቱ ስትለው ኖራለች።

«አውልቀህ መግባትህ ደግ ነው» አለችው። «ስመኝን ማን ሸጣት?»

ሕዝቡን አየ። ባዶ እግሩን አየ።

«ማን ያምንሻል ብለሽ ነው የምትጠይቂኝ?»

አልካደም። ለእሷ በቃት።

ለመሥሪያ ቤቱ ግን አልበቃም። አለቃው ሌባ መሆኑ እንዲወራ አልፈለጉም። ስትደውል «ሰፌድ» የምትባል ሴት አናውቅም አሏት። ስልኩም ዳግመኛ አልተነሳም። ሰኞ ላቀው እንደወትሮው ተማሪዎቹን መነጽር አስጠለቀ። ወለሉ አልተወለወለም ነበር። ጽጌ የት ቀረች ብሎ ጠየቀ አሉ።

እሷ እብናት ነበረች። የስመኝ እናት ልጃቸው ከሞተች ወዲህ መንኩሰዋል። ፈንታነሽ ከእማሆይ ዘነበች በር ላይ ደርሳ የታሰረውን ጫማ ደፉ ላይ አስቀመጠችው።

«ስመኝን የሸጣት ሰው ጫማ ነው፣ እማሆይ። እኔ አልነበርኩም።»

እማሆይ ጫማውን አላዩትም። እሷን አዩዋት።

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ሳትነግሪኝ የት ነበርሽ?»

ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። አልከለከሏት። ግቢም አላሏት።

በሚኒባሱ አጠገቧ የተቀመጠች ነጋዴ ስሟን ጠየቀቻት።

ጽጌም፣ ሰፌድም፣ ፈንታነሽም አላለችም።

«መሠረት እባላለሁ» አለች፤ ፊቷንም ወደ መስኮቱ አዞረች።