ስድስተኛው ቃል

ውሸት ነው የሚለኝ ካለ ይምጣና ስልኬን ይስማ። የቀዳሁትን አላጠፋሁትም።

ባለፈው ሐሙስ ነው። ጠዋት፣ በእኛ አቆጣጠር አራት ሰዓት። ጆሃንስበርግ፣ ፀሐይ የሞላው የሐኪም ክፍል...

እናቴን በለጥሽን ላስመረምር ነበር የሄድኩት። ኦሬንጅ ፋርም ሰፈር፣ ስፓዛ በሚሏት ትንሽ ሱቅ ውስጥ ሃያ ዓመት ስትሠራ፣ ደንበኛውን ሁሉ በስሙ እየጠራች በዙሉ "ሳውቦና" ብላ ሰላም ትል ነበር። የእኔን ስም ግን ካጣችው ሦስት ወር ሆኗታል። "አንቺ ልጅ" ነው የምትለኝ።

ሐኪሟ አምስት ቃላት በእንግሊዝኛ ሰጠችኝ። እኔ ለእማዬ በአማርኛ አልኩላት። ቤት እንድትለማመድበት በስልኬ እየቀዳሁ ነበር።

በር። ሎሚ። ወንበር። ዝናብ። መርፌ።

አምስት ደቂቃ ቆይታ እንድትደግማቸው ተጠየቀች።

"በር... ሎሚ..."

ቀሪው ጠፋባት። ድንገት ፊቷ በራ።

"መሰላል!"

ለሐኪሟ ተረጎምኩላት። ግራ ገብቷት አየችኝ።

"እኔ እንዲህ ያለ ቃል አልሰጠሁም።"

ግድግዳው ላይ የዘረመል ሥዕል ተለጥፏል። የተጠማዘዘ መሰላል ይመስላል። እሱን አይታ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ሐኪሟ ስንወጣ የታሸገ ፖስታ ሰጠችኝ። አስቀድሜ የሰጠሁት የእኔ የደም ምርመራ ውጤት ነው። የእማዬ ዓይነቱ መርሳት በዘር ይተላለፋል፤ ዕድሌ ግማሽ በግማሽ ነው።

ታክሲ ውስጥ እማዬ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

"እናቴም ትለው ነበር..."

"ምኑን?"

"መሰላሉን አንሱልኝ። እንዲህ እያለች ነው የሞተችው።"

አያቴ ሐኪም ቤት ረግጣ አታውቅም፤ ያን ሥዕል አላየችም።

ሂልብሮው ሰፈር፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤታችን ገብተን ስልኬን ከፈትኩ።

"በር። ሎሚ። ወንበር። ዝናብ። መርፌ..."

የራሴ ድምፅ ነው።

ትንሽ ዝምታ...

"መሰላል።"

ይህም የራሴ ድምፅ ነው።

ምን እዋሻለሁ፣ ደግሜ ከፈትኩት፤ ያው ነው። ከዚያ ንዴቱ መጣ። ይህ ነገር አያቴን ወሰደ፣ እናቴን ጀመረ፣ አሁን ደግሞ እኔን? ፖስታውን ሳልከፍተው ቀዳደድኩት።

"እማ፣ ቁጭ በይ። እንደገና።"

"ደከመኝ..."

"ይድከምሽ። እንደገና። በር!"

ከሰዓቱን ሙሉ አስጠናኋት። ተሳሳተች፣ አለቀሰች፣ በራሷ ሳቀች። አልለቀቅኳትም። ዐሥር ሰዓት ሲሆን ዓይኗን ጨፍና ጀመረች።

"በር። ሎሚ። ወንበር። ዝናብ። መርፌ..."

ስድስተኛው እንዳይመጣ ፈራሁ።

"...ኤፍራታ።"

ስሜን!

አቅፌያት ስንሰቀሰቅ መስኮቱ ኳ አለ።

ዘጠነኛ ፎቅ ነው ብያችኋለሁ... ከውጭ በኩል ሁለት የእንጨት ጫፎች መስኮቱን ተደግፈዋል። የተጠማዘዙ።

እማዬ እጄን ጨበጠች።

"አንሺልኝ..." አለች በሹክሹክታ።

መስኮቱን በረገድኩት። ወደ ታች አላየሁም። በሁለት እጄ ገፋሁት። ከባድ ነው፤ ሰው የወጣበት ያህል ይከብዳል።

"ሂድ ከዚህ! ገና ነን!"

ሄደልኝ።

ጆሮዬን ሰጥቼ ጠበቅሁ...

ሲወድቅ እስካሁን አልሰማሁም።