ጣት ያላረፈበት ሚዛን

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። ስለ አንዲት ሚዛን ጠጋኝና ስለ አንድ መጽሐፍ ጠራዥ ላውራችሁ።

ጠራዡ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሱቁን ጠረጴዛ ያጸዳና ጓደኞቹን ይሰበስባል። ጨዋታቸው እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ ልዩ ኃይል ያለው ጀግና ይፈጥራል፤ የጀግናው ጉልበት ከአንድ እስከ አስር ባለው መለኪያ በየራሱ ወረቀት ላይ ይጻፍለታል፤ ባለ ስድስት ገጹ ዳይስ ይጣልና የወጣው በጉልበቱ ላይ ይደመራል። ታሪኩን የሚመራውም የሚዳኘውም ጠራዡ ነው።

አንድ ቅዳሜ የአጎቱ ልጅ፣ ሾፌሩ፣ አንዲት ቀጭን ሴት ይዞ መጣ። ከአባቷ በወረሰችው ሱቅ የነጋዴዎችን ሚዛን የምታስተካክል ናት። ጠራዡ ቀና ብሎ ሲያያት በእጁ የያዘው የሙጫ ብሩሽ ሻዩ ውስጥ ገባ።

«ልትጠጣው ነው?» አለችው።

ሾፌሩ ስም ማውጣት ይወዳል፤ ለሰውነቷ ማነስ «ግራም» አላት፤ ስቃ ተቀበለችው። ለጀግናዋ ጉልበት አራትን መረጠች። ከፍ አድርጊው ሲሏት፣ በአራት ማሸነፍ ነው ደስ የሚለኝ ብላ እምቢ አለች።

ወራት አለፉ። ጠራዡን በቅዳሜና በቅዳሜ መሀል ያለው ሳምንት አልገፋ ይለው ጀመር። ጀግናዋ ስትሸነፍ የሚያመው እሱን ነው። ትልቁ ፍልሚያ ሲቃረብ አላስቻለውም፤ በመጠረዣው ምላጭ ከጀግናዋ ወረቀት ላይ አራቱን ፍቆ ሰባት ጻፈ። ለማንም አልተናገረም።

በፍልሚያው ቀን ጀግናዋ የሚፈርስ ድልድይ ደግፋ መያዝ ነበረባት። ለዚህ ዘጠኝ መሙላት አለባት። ዳይሱ ሁለት ወጣ። ጠራዡ ግን ያዘችው ብሎ ፈረደ፤ ጓደኞቹ አጨበጨቡ። እሷ ግን አራትና ሁለት ስድስት መሆኑን ቆጥራ አላጨበጨበችም። ወረቀቱን አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው፤ የተፋቀው ቦታ ስስ ሆኖ ታየ።

«ጣትህን ሚዛኑ ላይ አሳርፈሃል» አለች ቀስ ብላ።

«እንዳይከፋሽ ብዬ ነው...»

«ቀኑን ሙሉ የምታገለው ከዚህ ጣት ጋር ነው። ደንበኛ ሁሉ ቀጭን ናት፣ አቅም የላትም ብሎ ያዝንልኛል። እዚህ እንኳ ማንም የማያዝንልኝ መስሎኝ ነበር።»

ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። ሁለት ቅዳሜ ወንበሯ ባዶውን ዋለ። ሾፌሩ፣ ግራም ስትሄድ የአንተ ኪሎ ቀነሰ እያለ ያሾፍበት ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ጠራዡ እያንዳንዱ ቁጥር ምን እንደሚያነሳ የጻፈበትን የመለኪያ ወረቀት ይዞ ሱቋ ሄደ። ይቅርታ ጠየቃት፤ በጀግናዋ ወረቀት ላይ አራቱን መልሶ መጻፉንም ነገራት።

«አራት ምን እንደሆነ ሳላውቅ ነው ሰባት የጻፍኩት» አላት። «አራት ያለው ጆንያ ያነሳል፣ አምስት ያለው መኪና ያነሳል ብያለሁ። መሀሉ ገደል ነው። አስተካክይልኝ።»

ወረቀቱን አንብባ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ጠራዡን ጥግ ወዳሉት የብረት መመዘኛዎች ወሰደችው። ሃያ ኪሎውን አነሳ። ሌላ ሃያ ስትጨምርለት ፊቱ ቲማቲም መሰለና መልሶ አስቀመጠው። እሷ አርባውን ኪሎ ሳታቃስት አንስታ መደርደሪያው ላይ ደረደረችው።

«እኔ አራት ነኝ» አለች። «አንተ ሦስት።»

«ሦስት ተኩልስ አልሞላም?»

«ጣትህን አንሳ።»

ሁለቱም ሳቁ። ያን ቀን መለኪያውን እንደ አዲስ ሠሩት። አንድ ማለት አምስት ኪሎ፣ ሁለት ማለት አስር ኪሎ፣ ሦስት ማለት ሃያ... እያንዳንዱ ደረጃ የበታቹ እጥፍ ሆነ። ስለዚህ ሁለት አራቶች ከተጋገዙ አንድ አምስት ይሆናሉ።

ቅዳሜ ተመለሰችና ያው ፍልሚያ እንዲደገም ጠየቀች። ድልድዩ ሲሰነጠቅ የሾፌሩ ጀግና፣ እሱም ባለ አራት፣ ከጎኗ ቆመ። ሁለት አራቶች፣ አምስት። ዳይሱን ጣለች፤ አራት ወጣ። ሁሉም ቆጠሩ፤ ዘጠኝ ሞላ። ጠራዡ እንኳ አፉን ሳይከፍት ድልድዩ ቆመ። ግራም አንገቷን ቀና አድርጋ ዙሪያውን አየች።

ጓደኞቹ ሲበተኑ ጠራዡ አጠገቧ ቀረ።

«ሦስትና አራት ቢጋገዙስ ስንት ይሆናሉ?»

«ወረቀቱ ላይ የለም» አለችው። «አብረን እንፈልገዋለን።»

በዓመቱ ቀለበት ሲያስርላት ጣቷን ዘርግታ፣ ጣት የሚፈቀደው እዚህ ላይ ብቻ ነው አለችው።

ያ የጀግናዋ ወረቀት ዛሬም በመስታወት ተለብጦ ሱቋ ውስጥ፣ ከአባቷ ፎቶ ጎን ተሰቅሏል። የተፋቀው ቦታና በላዩ የተመለሰው አራት ይታያሉ። ሰው ሲጠይቃት፣ «በራሴ አራት ነው የቆምኩት» ትላለች።

እናንተም ልጆቼ፣ በፍቅር ብላችሁ የምትወዱትን ሰው ቁጥር ልትፍቁ እጃችሁ ሲነሳ፣ ያቺን ግራም አስታውሱልኝ።