ከጨው ውሃው ሥር

ሟቹ ረጅም ሰው ስለነበር እግሩ ከአልጋው አልፎ ወጥቷል። ዕድሜውን በሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ፣ ጡንቻው እየከዳው የዓይኑን ሽፋን እንኳ ማንሳት ሲያቅተው ነበር ወደዚህ ክፍል የመጣው። ከጎኑ የቆመው አሮጌ ማሽን ደሙን ከአንድ ክንዱ ይቀዳል፤ በሽታ ያዘለውን ፕላዝማ ለይቶ ያስቀራል፤ የቀረውን በሌላው ክንዱ ይመልስለታል። ሁለት ጊዜ በደህና ተሠርቶለት ወደ ቤቱ ሄዷል። በሦስተኛው ሞተ።

መርማሪውን ባልደረቦቹ «አባ ዝግታ» ይሉታል። ጡረታው የደረሰ፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ነው። ወንበር ስቦ አስከሬኑ አጠገብ ተቀመጠ።

«መሞቱን እንዳረጋገጥኩ ሁሉንም አስወጥቼ በሩን ቆለፍኩት» አለ ዶክተሩ። «ከዚያ ወዲህ ማንም ምንም አልነካም።»

«ምን ገደለው ይላሉ?»

«ልቡ ይመስለኛል። አስተዳደሩ ግን ማሽኑን የያዘችውን ነርስ ከወዲሁ ሊያግዳት ነው።»

ከማሽኑ በላይ፣ መስቀያው ላይ፣ ውሃ የሚመስል ፈሳሽ የያዙ ሁለት ከረጢቶች ተንጠልጥለዋል። በግራ በኩል ያለው ሲትሬት ነው፤ ደሙ ማሽኑ ውስጥ እንዳይረጋ በጠብታ ይቀላቀላል። በቀኝ ያለው ሳላይን፣ ተራ የጨው ውሃ ነው። ሁለቱም በየቦታቸው ናቸው። መርማሪው ግን ዓይኑ ወለሉ ላይ ቀረ። ከሳላይኑ ሥር ጉንዳኖች ተሰብስበዋል። ቀና ብሎ የማሽኑን ቱቦዎች አየ። በውስጣቸው ደሙ ጉበት መስሎ ረግቷል።

ተነሥቶ ወጣ።

ወጣቷ ነርስ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር።

«አዞረኝ አለኝ። የደም ግፊቱ ወርዶ ነው ብዬ ሳላይኑን ከፈትኩለት፤ ሁሌም የምናደርገው ነው። ከዚያ ከንፈሬን ወረረኝ አለ፤ ጣቶቹ ተኮማተሩ። አሁንም ጨመርኩለት። ጋሼ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት?»

«ከረጢቶቹን አንቺ ነሽ የሰቀልሻቸው?»

«ሌላ በሽተኛ ይዤ ነበር። ስመለስ ተሰቅለው አገኘኋቸው።»

«ከመጀመርሽ በፊት ሁለተኛ ሰው አያይም?»

«ሁለተኛ ሰው ከየት ይመጣል ብለው ነው?»

የክፍሉን ኃላፊ ሲስተር ዕቃ ክፍል ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጣ አገኛት። ከትናንት ጀምሮ አልተኛችም፤ ዓይኗ ደም ለብሷል።

«ልጅቷን አያስጨንቋት» አለች። «እሷ ምን ታድርግ? የሰውየው ቀን ደርሶ ነው።»

እንባዋን በጋዎኗ እጅጌ ስትጠርግ ጨርቁ ጉንጯ ላይ ተጣበቀ። ሳታስተውለው ላቀቀችው። መርማሪው አስተዋለ።

የሟቹ ሚስት ከበሩ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ነበረች። ሲያስወጧት በበሩ መስታወት ታይ እንደነበር ነገረችው።

«ልጅቷ ደረቱን ትጫናለች። ዶክተሩ ከራስጌው ሆኖ አየር ይሰጠዋል፤ ‹በርቺ፣ በርቺ› ይላታል። ሲስተሯ እጆቿን ወደ መስቀያው ሰቅላ ነበር። መድኃኒት የምትሰጠው መስሎኝ፣ እግዜር ይስጥሽ አልኳት በሆዴ።»

ከዚያ በኋላ አራቱንም ወደ ክፍሉ አስገባቸው። የሟቹ ፊት ተሸፍኗል። መርማሪው ቆሞ መናገር ስላቃተው ተቀመጠ።

«ዶክተር፣ ሲትሬት የነካው ደም ይረጋል?»

«አይረጋም። ሥራው እሱ ነው።»

«ይኸው እዚህ ረግቷል። ስለዚህ ሲትሬት አልደረሰውም። በሲትሬቱ ቦታ የተሰቀለው የጨው ውሃ ነበር። ታዲያ በጨው ውሃው ቦታ የነበረው ምንድን ነው? ጉንዳን ለጨው አይሰበሰብም።»

ዶክተሩ ወለሉን አየ። ፊቱ ተለወጠ። «ሲትሬቱ ውስጥ ስኳር አለ» አለ ቀስ ብሎ።

«እንግዲህ ከረጢቶቹ ተቀያይረው ነበር የተሰቀሉት። ይቺ ልጅ ሳላይን ሰጠሁ ብላ ሲትሬት ለቀቀችበት። ባሰበት፤ እሷም ጨመረች። አሁን ግን ሁለቱም በየቦታቸው ናቸው። ማን መለሳቸው? በሩ ከተቆለፈ ወዲህ የገባ የለም። ከዚያ በፊት የልጅቷ እጅ ደረቱ ላይ፣ የእርስዎም አፉ ላይ ነበር። የከረጢቱ ቱቦ ሲነቀል ደግሞ ስኳር ያለው ፈሳሽ ወደ ላይ በተዘረጋ እጅ ላይ ይንጠባጠባል።» ወደ ኃላፊዋ ዞረ። «ሲስተር፣ እጅጌሽን ዳሺው።»

አልዳሰሰችውም። «እኔ ነኝ የሰቀልኳቸው» አለች። «ላግዛት ብዬ። ዓይኔ እያየ አላየሁም።»

ሚስትየው ወደ ሲስተሯ ዞረች። «ስትመልሻቸው... በሕይወት ነበር?»

ዶክተሩ ሄዶ መሳቢያውን ሳበ። የካልሲየም ብልቃጦቹ ተደርድረው ተቀምጠዋል።

«ሲትሬት ልብ የሚመታበትን ካልሲየም ያሟጥጣል፤ ብትነግሪኝ ይህን ወዲያው እሰጠው ነበር» አለ። «አንድ ቃል! ይተርፍ ይሆን ነበር እኮ።»

«መጀመሪያ ላስተካክለውና እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር» አለች ሲስተሯ። «ካስተካከልኩት በኋላ ግን ምንም ያልተፈጠረ መሰለኝ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ደክሞኝ ነበር።»

«ደክሞሽ የሰቀልሽውን ማንም ሰው ይረዳልሻል» አለ መርማሪው። «ይቺን ልጅ ግን ስትወነጀል ዝም ብለሽ ስታያት ነው የዋልሽው።»

ተነሥቶ የሲስተሯን ክንድ ያዘ። ሁለቱም እግራቸውን እየጎተቱ ወጡ። ዶክተሩም ተከተላቸው።

ወጣቷ ነርስ ሚስትየው ፊት አንገቷን ደፍታ ቆመች።

«አንቺ ነሽ አጠገቡ የነበርሽው» አለቻት ሴትየዋ። «መጨረሻ ላይ ምን አለ?»

«ስጣደፍ አይቶ» አለች ልጅቷ፣ «‹አይዞሽ ልጄ፣ ተረጋጊ፣ አትቸኩዪ› አለኝ።»

ከጠዋት ጀምሮ ጠብ ያላለው የሴትየዋ እንባ አሁን ወረደ።

«የእሱ አነጋገር ነው» አለች። «እሱ ራሱ ነው።»